ከተማሪው ዓምድ መጀመር፦ የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛን ማቀድ

የዕለት ትምህርት ዕቅድ ቅጽ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ጥቂት ቢለያይም፣ ርዕስ፣ ዝርዝር ዓላማ፣ ደቂቃ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር እና ምዘና የሚሉት ዓምዶች አይጠፉበትም። የመምህሩ ዓምድ «ያስተዋውቃል፣ ያብራራል፣ ምሳሌ ይሰጣል፣ ያጠቃልላል» በሚሉ ግሦች ጥቅጥቅ ብሎ ይሞላል፤ የተማሪው ዓምድ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ያዳምጣሉ፣ ማስታወሻ ይጽፋሉ፣ ጥያቄ ይመልሳሉ» ተብሎ ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀራል፤ ቅጹ ለፊርማ ሲቀርብም ስለዚህ ዓምድ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይገኝም። እንግሊዝኛ ለሚያስተምር ሰው ግን ዕቅዱ የሚሳካውም የሚበላሸውም በዚህ ችላ በተባለው ዓምድ ላይ ነው፤ ቋንቋ ሌላ ሰው ሲናገረው በማየት ሳይሆን ራስ ሲጠቀሙበት የሚለመድ ነገር ስለሆነ፣ ተማሪው በክፍለ ጊዜው ውስጥ በአፉና በእጁ የሠራው ነገር ካልታቀደ የመምህሩ ማብራሪያ ምንም ያህል የተዋጣለት ቢሆን ከሰሌዳው ጋር አብሮ ይጠፋል። ይህ ጽሑፍ ከተማሪው ዓምድ በመነሣት፣ በመጀመሪያ ዓመቱን፣ ቀጥሎም አንዱን ክፍለ ጊዜ እንዴት ማቀድ እንደሚቻል ያስረዳል።

ምሳሌዬን ከዘጠነኛ ክፍል የወሰድኩት በምክንያት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥና በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። አንዳንድ ክልሎች ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሲሆን፣ በሌሎቹ ግን ተማሪው ስለ ሕዋስና ስለ ፎቶሲንተሲስ በቋንቋው ሲማር ቆይቶ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም መጽሐፍ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ስለዚህ የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር የሚያቅደው ለራሱ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ የባዮሎጂው፣ የጂኦግራፊውና የኬሚስትሪው መምህር ሥራም በእርሱ ዕቅድ ላይ ያርፋል።

ዓመቱን በእውነተኛ ደቂቃ መቁጠር

ዓመታዊ ዕቅድ ሲወጣ የተለመደው አሠራር የመጽሐፉን ምዕራፎች ለሳምንታቱ ማካፈል ነው። ከዚያ በፊት ግን ያለው ጊዜ ራሱ መቆጠር ይኖርበታል። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ፣ የትምህርት ዘመኑም 32 የማስተማሪያ ሳምንታት ቢኖሩት፣ 160 ክፍለ ጊዜ ይሆናል፤ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ስለሆነ በጠቅላላው 6,400 ደቂቃ፣ ማለትም 107 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ይህ በወረቀት ላይ ነው። መስቀልና ገና፣ ጥምቀትና የዓድዋ በዓል፣ መውሊድና ዒድ፣ የፈተና ሳምንታት፣ የመምህራን ስብሰባ፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪው የሚበታተንባቸው ቀናት ሲቀነሱ 140 ክፍለ ጊዜ ቢቀር ደግ ነው። ከእያንዳንዱም ላይ ስም መጥሪያ፣ ሰሌዳ ማጥፊያና ካለፈው ክፍለ ጊዜ ዘግይቶ የሚገባውን ተማሪ ማስቀመጫ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። በእጅ የሚቀረው 82 ሰዓት አካባቢ ነው።

ይህን ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር ማስተያየት ጠቃሚ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የቋንቋ ደረጃ ማዕቀፍ የተማሪን ችሎታ ከኤ1 እስከ ሲ2 በስድስት ደረጃዎች ይከፍለዋል፤ የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ፈተናዎች አዘጋጆች ደግሞ ከዜሮ የተነሣ ተማሪ ኤ2 ለመድረስ ከ180 እስከ 200፣ ቢ1 ለመድረስ ከ350 እስከ 400 የሚደርስ በመምህር የሚመራ የትምህርት ሰዓት እንደሚያስፈልገው ለመነሻ ያህል ይገምታሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ150 ሰዓት በላይ ሲሆን እኛ ያለን 82 ነው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ ደረጃ ለማሻገር ማቀድ ራስን ማታለል ይሆናል፤ ጥቂት ነገር መርጦ ያንን በደንብ ማስያዝ ግን ይቻላል።

ሌላው ስሌት የእያንዳንዱ ተማሪ ድርሻ ነው። በክፍሉ 60 ተማሪዎች ካሉ፣ መምህሩ አንዲት ቃል ሳይናገር ለሁሉም ተራ በተራ ዕድል ቢሰጥ እንኳ ከ35 ደቂቃው ለአንዱ የሚደርሰው 35 ሴኮንድ ብቻ ነው። በአንድ ዴስክ የሚቀመጡት ሦስት ተማሪዎች እርስ በርስ በተራ እንዲነጋገሩ 10 ደቂቃ ቢታቀድ ግን እያንዳንዱ ከሦስት ደቂቃ በላይ እንግሊዝኛ ይናገራል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሁሉ በዚህ ተራ ሒሳብ ላይ የቆመ ነው። «ክፍሉ ትልቅ ስለሆነ ተማሪ ማናገር አይቻልም» የሚለውን ሰበብ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እኔ ራሴም ብዬዋለሁ። በእኔ አመለካከት ትልቅ ክፍል የማይፈቅደው ተማሪዎቹ ከመምህሩ ጋር አንድ በአንድ እንዲነጋገሩ እንጂ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ አይደለም።

የት እንዳሉ ማየት

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት አጫጭር ሥራዎች ይበቃሉ። አንደኛው፣ ከዚያው ክፍል የባዮሎጂ ወይም የጂኦግራፊ መጽሐፍ 100 ቃል ያህል የያዘ አንቀጽ መርጦ፣ ተማሪዎቹ የማያውቁትን ቃል ሁሉ በእርሳስ እንዲያሰምሩበት ማድረግ ነው። ተማሪው አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት አንብቦ እንዲረዳ ከ100 ቃላት የማያውቃቸው ከሁለት ብዙም እንዳይበልጡ የቃላት ትምህርት ተመራማሪዎች ይመክራሉ፤ አምስት ያህል ሲሆኑ የመምህር እገዛ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ተማሪ 15 እና 20 ቃል አስምሮ ከመለሰ፣ ያንን መጽሐፍ እያነበበ ሳይሆን እያየ ብቻ እንደሆነ ይታወቃል። ፈተና እንዳልሆነና ነጥብ እንደማይያዝበት አስቀድሞ ካልተነገራቸው ብዙዎቹ አፍረው ጥቂት ብቻ ስለሚያሰምሩ፣ ወረቀቱን ስም ሳይጻፍበት መሰብሰብ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ጽሑፍ ነው፤ «ትናንት ከትምህርት ቤት ከወጣህ በኋላ ምን ሠራህ?» በሚል ርዕስ በ15 ደቂቃ የሚችሉትን ያህል ይጽፋሉ። ስድሳውን ወረቀት በቀይ ማረም አያስፈልግም፤ ጊዜም የለም። 20 ወረቀት ሳይመርጡ አውጥቶ ማንበብና ደጋግመው የታዩትን አምስት ወይም ስድስት ስሕተቶች በአንድ ገጽ ላይ ማስፈር ይበቃል፤ ይህች ገጽ በዓመቱ ውስጥ ከመምህሩ መምሪያ ይልቅ የምትጠቅም ሰነድ ትሆናለች።

ከመጽሐፉ ምን ይወሰድ?

መጽሐፉን መጨረስና ተማሪውን ማስተማር የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሱፐርቫይዘር የሚጠይቀው ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ስለሆነ፣ መምህሩ ምን እንደቀነሰና ለምን እንደቀነሰ ማስረዳት መቻል አለበት። እኔ የምከተለው መለኪያ፣ ይህ ይዘት ተማሪው በሌሎቹ የትምህርት ዓይነቶች ውስጥ ምን እንዲያደርግበት ያስችለዋል የሚለው ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በእንግሊዝኛ አንድን ነገር መበየን፣ ሁለት ነገሮችን ማነጻጸር፣ የአንድን ሂደት ቅደም ተከተል መግለጽ፣ ምክንያትና ውጤትን ማያያዝ፣ በሠንጠረዥ ወይም በግራፍ ላይ ያየውን በቃል መናገር ይፈለግበታል። እነዚህን አምስቱን በዓመቱ ላይ ከደለደልን በኋላ የመጽሐፉን ምዕራፎች ወደ እነርሱ እናስጠጋቸዋለን፤ ስለ ጤና የሚናገር ምዕራፍ ለምክንያትና ውጤት፣ ስለ ከተማና ገጠር የሚናገር ምዕራፍ ለማነጻጸር በቀላሉ ይሆናል። ሰዋስዉም ከዚያው ይመጣል፤ ማነጻጸር ካለ የቅጽሎች ማበላለጫ፣ ሂደት ካለ ተደራጊ ግሥ መኖሩ አይቀርም። ለየትኛውም ያልተስማማ ንባብ ለቤት ሥራ ይሰጣል ወይም ይታለፋል።

ድልድሉ ላይ የወቅቱ ሁኔታም ይታሰብ። አንድ ዓመት የማዳመጥ ትምህርቶችን ሁሉ ወደ ግንቦት መጨረሻና ወደ ሰኔ ገፍቼ ነበር፤ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲመታው እንኳን የኋላ ረድፍ የፊተኛውም የሚሰማው ነገር አልነበረምና፣ ክፍለ ጊዜው ወደ ንባብ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ማዳመጥን ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት አደርገዋለሁ፤ መብራት ቢጠፋ እንዳልቸገር ደግሞ የሚደመጠውን ጽሑፍ ራሴ ጮክ ብዬ ለማንበብ ተዘጋጅቼ እገባለሁ።

የተማሩት እንዳይረሳ መመለሻ ጊዜ መታቀድ አለበት። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ሰው በቃሉ የያዘውን ነገር የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት፣ ከዚያ በኋላ ግን ቀስ እያለ እንደሆነ አሳይቷል። ለዕቅድ የሚጠቅመው ትርጉም ቀላል ነው፤ ዛሬ የተማሩት ነገር በማግስቱ ለሦስት ደቂቃ፣ ከሳምንት በኋላ ለአምስት ደቂቃ፣ ከወር በኋላም እንደገና ሊነሣ ይገባዋል። የዓርብ ክፍለ ጊዜ አጋማሽን ለዚህ ብቻ መያዝ ይቻላል። ይህን በዓመታዊ ዕቅዱ ላይ ያልጻፈ መምህር በኋላ ጊዜ አያገኝለትም፤ አዲሱ ምዕራፍ ሁልጊዜ ይቀድማል።

አንድ ክፍለ ጊዜ፦ ቡና እንዴት ይፈላል?

ሂደትን መግለጽን ለማስተማር የታቀደ አንድ ክፍለ ጊዜ እንውሰድ። መጀመሪያ የሚጻፈው ዓላማው ነው። «ተማሪዎች ተደራጊ ግሥን ያውቃሉ» የሚለው ዓላማ ብዙ ዕቅድ ላይ ይገኛል፤ ነገር ግን ማወቅ በዓይን አይታይም፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መሳካቱን የሚያረጋግጥ ነገርም የለም። በምትኩ «እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የሚያውቀውን የቤት ውስጥ ሥራ ሂደት፣ ደብተሩን ሳያይ፣ ቢያንስ በአራት ተከታታይ ዓረፍተ ነገሮች ለጓደኞቹ ይናገራል» ብለን ብንጽፍ የተማሪው ዓምድ ዋና ረድፍ ወዲያው ተሞላ ማለት ነው፤ ሌላው ሁሉ ተማሪውን ወደዚያ ማድረሻ ይሆናል።

ቡናን የመረጥኩት ተማሪው ቅደም ተከተሉን ከእናቱ ቤት ስለሚያውቀው ነው። አዲስ ይዘትና አዲስ ቋንቋ በአንድ ላይ ሲመጡ ተማሪው በሁለቱም ይሰናከላል፤ ስለዚህ ቋንቋው አዲስ በሆነበት ቀን ይዘቱ የታወቀ ይሁን፣ ቋንቋው ከተለመደ በኋላ ግን ወደ አዲሱ ይዘት፣ ለምሳሌ በባዮሎጂ መጽሐፍ ወዳለው ሂደት፣ መሻገር ይቻላል። ሌላም ጥቅም አለው። ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት፣ መቅዳትና ማቅረብ በእንግሊዝኛ «ዎሽ፣ ሮስት፣ ፓውንድ፣ ቦይል፣ ፖር፣ ሰርቭ» ሲሆኑ፣ ስድስቱም የኃላፊ ቅርጻቸው ሥርዓት የያዘ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ተማሪውን የሚያደናግር ወጣ ያለ ግሥ አይገጥመውም። ከዚህም በላይ በመጨረሻቸው የሚጨመረው ድምፅ ሦስት ዓይነት አነባበብ ስላለው፣ የመጀመሪያው በ«ት»፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በ«ኢድ»፣ የቀሩት በ«ድ» ስለሚያልቁ፣ ሦስቱንም በስድስት ቃል ማሳየት ይቻላል።

ዕቅዱ ለ35 ደቂቃ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች ስድስቱ ግሦች ቅደም ተከተላቸው ተዘበራርቆ በሰሌዳው ላይ ይታያሉ፤ መምህሩ ሲያብራራ ሳይሆን በእጁ መውቀጥንና መቅዳትን እያስመሰለ ትርጉማቸውን ያሳያል፤ ተማሪዎቹ በየዴስካቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስተካክሏቸዋል። በሚቀጥሉት ስድስት ደቂቃዎች ስድስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያሉት ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ይነበብላቸዋል፤ በመጀመሪያው ንባብ ቅደም ተከተላቸውን ያመሳክራሉ፣ በሁለተኛው ደግሞ ከእያንዳንዱ ግሥ በፊት የሰሟትን አጭር ቃል ይጽፋሉ። ቃሏ «ኢዝ» ናት፤ የቀኑ ትምህርት በሙሉ በእርሷ ላይ ነው።

ከዚያ አምስት ደቂቃ ለማብራሪያ ይሰጣል፤ ከዚያ አይበልጥም። እዚህ ላይ አማርኛ ለሚናገር ተማሪ አማርኛውን ራሱን ማሳየት ከማንኛውም የሰዋስው ደንብ ይበልጣል። «ሰውየው ቡና ይቆላል» እና «ቡናው ይቆላል» ስንል በጽሑፍ ግሡ አንድ ነው፤ በንባብ ግን የመጀመሪያው ላልቶ፣ ሁለተኛው ጠብቆ ይነገራል፤ አድራጊና ተደራጊ የሚለዩት በዚያች ጥብቀት ነው። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ የሚሰጠው ለተለየች ቃል ስለሆነ፣ ቃሏ ከወደቀች ቡናው ራሱ አድራጊ ይሆናል። ተማሪዎቻችን «ዘ ኮፊ ሮስትድ» የሚሉት ግሡን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ በአማርኛ አንድ ግሥ ብቻውን የሚሸከመውን ነገር በሁለት ቃል መክፈል ስላለመዱ ነው። ይህ አንድ ጊዜ በቡና ምሳሌ ከታያቸው ቶሎ አይረሱትም። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሌላ የሆኑ ተማሪዎች ካሉ፣ በእነርሱ ቋንቋ እንዴት እንደሚባል ራሳቸው ለክፍሉ እንዲናገሩ መጋበዝ ይገባል።

ቀጥሎ ስድስት ደቂቃ ለልምምድ ይሆናል፤ የሚያስፈልገውም ጠመኔና ማጥፊያ ብቻ ነው። ስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች በሰሌዳው ላይ ይጻፋሉ፤ ክፍሉ አንድ ላይ ያነባቸዋል፤ መምህሩ ከእያንዳንዱ ላይ አንዳንድ ቃል ያጠፋል፤ እንደገና ይነበባሉ፤ እንደገና ይጠፋል፤ በመጨረሻ ሰሌዳው ባዶ ሲሆን ተማሪዎቹ ሙሉውን በቃላቸው ይሉታል። አርጅቷል የሚባል ዘዴ ቢሆንም በ60 ተማሪ ክፍል ውስጥ እንደዚህ የሚሠራ ሌላ አላገኘሁም።

አሁን የተማሪው ዓምድ ዋና ጊዜ፣ ማለትም 10 ደቂቃው፣ ይደርሳል። በአንድ ዴስክ ካሉት ሦስት ተማሪዎች አንዱ እንጀራ መጋገርን፣ ልብስ ማጠብን፣ ጠላ መጥመቅን ወይም ሌላ የመረጠውን ሥራ ስሙን ሳይጠራ ደረጃ በደረጃ ይናገራል፤ ሁለተኛው ምን እንደሆነ ይገምታል፤ ሦስተኛው ዳኛ ሆኖ «ኢዝ» በተዘለለ ቁጥር ጣቱን ያነሣል። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ዳኛው ካልተጨመረ ሦስተኛው ልጅ ወደ መስኮት ማየት ይጀምራል፤ ይህን ከብዙ ሙከራ በኋላ ነው የተረዳሁት። በዚህ መካከል ሥርዓቱን ያልጠበቀ ግሥ መምጣቱ አይቀርም፤ መምህሩ በሰሌዳው ጥግ ጽፎት ያልፋል እንጂ ትምህርቱን ወደዚያ አያዞርም። ጫጫታው ከጎረቤት ክፍል ቅሬታ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ለጎረቤት መምህሩ አስቀድሞ መንገር የጨዋ ሥራ ነው።

የመጨረሻዎቹ አራት ደቂቃዎች ለመውጫ ወረቀት ናቸው፤ እያንዳንዱ ተማሪ በሩብ ወረቀት ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሲወጣ ለመምህሩ ይሰጣል። ከ60ው 15 ያህሉን ማንበብ ነገ ወደ ፊት መሄድ ወይም መመለስ እንደሚገባ ለመወሰን ይበቃል። ግማሹ «ኢዝ»ን ከጣለ፣ የነገው ዕቅድ የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ተገኘ ማለት ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን ፕላዝማ፣ ማለትም በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ትምህርት፣ የሚያስታውሱ መምህራን፣ በቴሌቪዥኑ ያለው አስተማሪ ተማሪው ገባው አልገባው ሳይል ሲቀጥል፣ እኛም ቆም በል ልንለው ሳንችል ስንቀር የነበረውን ስሜት ያስታውሱታል። ያለ መውጫ ወረቀት የሚሄድ መምህር ከዚያ ብዙም አይለይም።

አማርኛ የሚያመጣውን ስሕተት አስቀድሞ መጻፍ

በዕቅዱ ኅዳግ ላይ በዕለቱ የሚጠበቁትን ሁለት ወይም ሦስት ስሕተቶች መጻፍ ጠቃሚ ልማድ ነው፤ መምህሩ ሲዘዋወር ጆሮው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፣ ሁሉንም ስሕተት አርማለሁ ብሎም ልጁን አያሸማቅቅም። ብዙዎቹ ከአማርኛው መዋቅር የሚመነጩ ስለሆኑ መተንበይ አይከብድም። «በአውቶቡስ»፣ «በቢላ»፣ «በሦስት ሰዓት»፣ «በአዲስ አበባ» ስንል አንዲት «በ» የምትሠራውን እንግሊዝኛ ለአራት ልዩ ልዩ መስተዋድዶች ያካፍለዋል። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል ተማሪው በእንግሊዝኛም ከ«ዲስከስ» በኋላ «አባውት» ይጨምራል፤ እንግሊዝኛው ግን አይፈልገውም። «ምንም እንኳ ቢደክም፣ ነገር ግን ሠራ» ማለት በአማርኛ ስለሚያስኬድ «ኦልዞ» እና «በት» በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገናኛሉ። መበደርና ማበደር ከአንድ ሥር የወጡ ስለሆኑ ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት መለየት ያስቸግራል። ሰዓት ሲነገር ደግሞ ስሕተቱ የሰዋስው ሳይሆን የስድስት ሰዓት ልዩነቱ ነው፤ የሰዓት ትምህርት በሚታቀድበት ቀን ይህ ካልተጠቀሰ ተማሪው ጠዋት በሁለት ሰዓት የሚጀምረውን ትምህርት ሌሊት ያደርገዋል።

አማርኛን በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ መጠቀም ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ አላስፈላጊ ሙቀት ያገኛል። በእኔ ልምድ ሙሉ በሙሉ መከልከል ዓይን አፋሩን ተማሪ ዝም ያሰኘዋል፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ወዲያው መተርጎም ደግሞ የባሰ ጉዳት አለው፣ ተማሪው አማርኛው እንደሚመጣ ስላወቀ እንግሊዝኛውን መስማት ያቆማልና። ስለዚህ አማርኛ የሚገባበት ቦታ በዕቅዱ ላይ ይጻፍ፤ ለምሳሌ የቡድን ሥራ ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ከተሰጠ በኋላ አንድ ተማሪ የተረዳውን በአማርኛ እንዲናገር ማድረግ፣ ወይም ከላይ እንዳየነው ሁለቱን ቋንቋዎች ማነጻጸር። ከዚያ ውጭ መምህሩ በእንግሊዝኛ ይጽና።

ምዘናው ከትምህርቱ በፊት ይታቀድ

ተማሪ ነጥብ የሚያዝበትን ነገር ያጠናል። የሴሚስተሩ ፈተና በሙሉ ምርጫና ክፍት ቦታ መሙላት ከሆነ፣ የ10 ደቂቃው ንግግር ለተማሪው ጨዋታ ሆኖ ይታየዋል፤ ወላጁም እንደዚያው። ተከታታይ ምዘና ከሚሰጠው ነጥብ የተወሰነውን ለንግግር መያዝና ይህንንም በመስከረም ማሳወቅ ሁኔታውን ይለውጠዋል። ስድሳ ተማሪ በንግግር መፈተን የማይቻል የሚመስለው በአንድ ቀን ስለምናስበው ነው። መምህሩ በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ የ10 ደቂቃ የዴስክ ሥራ ጊዜ አንድ ዴስክ አጠገብ ቆሞ ሦስቱን ቢያዳምጥ፣ 20 ዴስክ በ20 ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም በአራት ሳምንት፣ ያልቃል፤ ሌሎቹም በዚያው ጊዜ ሥራ ላይ ናቸው። መመዘኛው አጭር ይሁን፤ መልእክቱ ተሰማ ወይ፣ የዕለቱን ቅርጽ ተጠቀመበት ወይ፣ ሳያቋርጥ ቀጠለ ወይ። ከዚህ በላይ ያለውን ዝርዝር ቆሞ መሙላት አይቻልም።

ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ፣ ወደ መምህራን ማረፊያ ከመሄድ በፊት፣ በዕቅዱ ጀርባ ሁለት መስመር መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የትኛው ደቂቃ አነሰ፣ የትኛው በዛ፣ ተማሪዎቹ ያልተጠበቀ ምን ስሕተት አመጡ። የቡናው ዕቅዴ ጀርባ ላይ ካለፉት ዓመታት የተጻፉት ማስታወሻዎች «ማብራሪያው 12 ደቂቃ ወሰደ፣ ቀንስ» እና «ዳኛ ጨምር» የሚሉ ናቸው፤ የአምናውን ቀን ሰርዤ የዘንድሮውን ስጽፍ መጀመሪያ የማነባቸው እነርሱን ነው።